ብዙ የሚቆጥረው ሌላ ነው

እኛ ቤት ስለ ኤሌክትሪክ የሚነሳ ጭቅጭቅ ሁሌም ከአምፖል ነው የሚጀምረው። «ኮሪደሩን ማን አብርቶት ሄደ?» «ሰው የሌለበት ክፍል መብራት ምን ያደርጋል?» እኔም ያደግኩት እንዲህ እየተባልኩ ነው። የእናንተም ቤት ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። የወሩ ሂሳብ ከለመድነው ከፍ ብሎ ሲመጣ ዓይናችን ወዲያው ኮርኒሱ ላይ ያርፋል። የሚበራ ነገር ይታያል፤ የሚታይ ነገር ደግሞ ለመከሰስ ቅርብ ነው።

እኔ ግን ዛሬ ለአምፖሉ ጥብቅና ልቆም ነው። በአብዛኛው ቤት ገንዘቡን የሚወስደው ብርሃን አይደለም፣ ሙቀት ነው። ውሃ ማሞቅ፣ ምግብ ማብሰል፣ ክፍል ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዝ። እነዚህ ሥራቸውን በዝምታ ስለሚሠሩ ማንም አይቆጣቸውም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ደህና ኤል ኢ ዲ አምፖል 9 ዋት ገደማ ይወስዳል። ተረስቶ ሌሊቱን 8 ሰዓት ሲበራ ቢያድር የሚቆጥረው 72 ዋት ሰዓት ነው፤ ሂሳብ የምንከፍልበትን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት (1000 ዋት ሰዓት) አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አሁን ደግሞ አንድ ሰው 10 ደቂቃ ሻወር ወሰደ እንበል። በደቂቃ 8 ሊትር ይወርዳል። ውሃው 18 ዲግሪ ነበር፣ 38 ዲግሪ እንዲደርስ ተሞቀ። 80 ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ያ የተረሳ አምፖል በዚህ ኃይል ከ8 ቀንና ሌሊት በላይ ይበራ ነበር። ለአምፖሉ ቤቱን በጩኸት እናናጋለን። ሻወር ውስጥ ያለውን ሰው «ቶሎ ውጣ» የምንለው ግን ተራችንን ስንጠብቅ ብቻ ነው።

ወላጆቻችን ሲቆጡ ምክንያት ነበራቸው። የድሮው የክር አምፖል 60 ዋት ወስዶ ወደ ብርሃን የሚቀይረው 5 በመቶ ገደማውን ብቻ ነበር። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ሲበራ የቆየ አምፖል የነካ ሰው ጣቱ ያስታውሳል። ነጭ ኤል ኢ ዲ እንዲሠራ ያስቻለው የሰማያዊው ኤል ኢ ዲ ግኝት ነው። ለዚህም ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ወስደዋል። አምፖሉ ከተቀየረ ቆየ። ቁጣው ግን እንዳለ ነው። የክር አምፖል አሁንም ያለበት ቤት ካለ ይቀይረው፤ ከዚህ በላይ ስለ አምፖል የምለው የለኝም።

ታዲያ ብዙ የሚቆጥረው የቱ ነው? ይህን ለማወቅ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ቆጣሪው ራሱ ይናገራል። አብዛኞቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል፤ 1000፣ 1600 ወይም 3200 ሊሆን ይችላል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት እስኪሞላ ያን ያህል ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። 1000 ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ናት። በሁለት ብልጭታ መካከል ያለውን ሰከንድ ቁጠሩና 3600ን ለእሱ አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ቤታችሁ በዚያች ቅጽበት የሚጎትተው ዋት ነው። 36 ሰከንድ ከሆነ 100 ዋት፣ 2 ሰከንድ ከሆነ 1800 ዋት።

ይህን ልጆች ከተኙ በኋላ መሞከር ደስ ይላል። (የኔ ደስታ ትንሽ ለየት ይላል፣ አውቃለሁ።) የስልኬን የሰከንድ ቆጣሪ ይዤ ስቆም ብልጭታው መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ተረጋግቶ መተንፈስ ይቻላል። ድንገት ፈጠነ። ማንም ምንም አልነካም። ወጥ ቤት ሄጄ ባዳምጥ የፍሪጁ ሞተር ተነስቷል። ቀጥሎ ባለቤቴ ውሃ ማፍያውን ስትሰካ ብልጭታው ለመቁጠር እስኪያስቸግር ተጣደፈ። እሱ ካበቃ በኋላ የሳሎኑን አምፖል አጥፍቼ መልሼ አበራሁ። ልዩነቱን ለማወቅ ደግሜ ደጋግሜ መቁጠር ነበረብኝ። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ ትንሽ አየችና «በቃ ከእንግዲህ ስለ ኮሪደሩ አትጩህብኝ» ብላኝ ሄደች።

ሁሉን አጥፍታችሁ፣ ፍሪጁም ዝም ባለበት ሰዓት ቀይዋ መብራት ብልጭ ማለቷን ካላቆመች የሆነ ነገር ተደብቆ እየበላ ነው። ብዙ ጊዜ በሪሞት «የጠፋ» ዕቃ ነው። አንድ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሲሄድ 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 10 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዲኮደር ወደ 88 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ አዲስና ቆጣቢ ፍሪጅ በዓመት ከሚወስደው ሲሶውን ሊያህል ይችላል ማለት ነው። በአንጻሩ ሁሉም ሰው ሶኬት ላይ ተረሳ ብሎ የሚነቅለው ዘመናዊ የስልክ ቻርጀር ስልክ ከሌለበት የሚወስደው እዚህ ግባ አይባልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ የቤት ዕቃዎች በተጠባባቂነት ሲቀመጡ ከግማሽ ዋት እንዳያልፉ ደንግጓል። ስለዚህ የሚፈለገው አሮጌው ዕቃ ነው።

ሰው ሁለት ነገር ያምታታል፤ ጉልበትንና ቆይታን። ካውያ ስሙ የጠፋው 2000 ዋት ስለሚጎትት ነው። ግን በሳምንት ግማሽ ሰዓት ከተተኮሰበት ቢበዛ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። በዓመት 52። ፍሪጅ በአማካይ 30 ዋት ቢሆን ነው፣ ማንም አይፈራውም። ነገር ግን በዓመት ውስጥ ያሉትን 8760 ሰዓታት ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ከ260 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ያረጀ ከሆነ እጥፉን።

ስለ ፍሪጅ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ታሪኩን እወደዋለሁ። በአሜሪካ በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ አዲስ ፍሪጅ በአማካይ በዓመት 1800 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስድ ነበር። ካሊፎርኒያ መጀመሪያ፣ ኋላም የፌዴራል መንግሥቱ ፋብሪካዎች የማያልፉትን ጣሪያ አስቀመጡ። አሁን እዚያ የሚሸጠው ፍሪጅ ከያኔው ይሰፋል፣ ፍጆታው ግን 500 አካባቢ ነው። ተአምር አልተሠራም። ግድግዳው በደንብ ታሸገ፣ ሞተሩ ተሻሻለ፣ የበሩ ጎማ ጠበቀ። ሰው አኗኗሩን አልቀየረም፤ በሩን ከፍቶ ቆሞ ምን ልብላ ማለቱንም አልተወም።

የእናንተን ፍሪጅ ጎማ ለመፈተሽ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱን በሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ቅዝቃዜውም እንደዚያው እየወጣ ነው። መጀመሪያ ጎማውን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቆሻሻ ነው። ከኋላ ወይም ከሥር ያለውን ጥቁር የቱቦ መረብም እዩት። ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ስለሆነ አቧራ ሲለብስ ሞተሩ ብዙ ይሠራል። ከመጥረጋችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ፣ ከምድጃ ጎን አይቁም። ከውስጥ 4 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ለፍሪዘሩም 18 ከዜሮ በታች። ከዚያ በላይ ማቀዝቀዝ ትርፉ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ወደ ውሃ ማሞቂያው። አጎቴ ቤት ማሞቂያው ሌት ተቀን አይጠፋም።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ ቢጠፋ ምናለበት?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ ቀዝቅዞ እንደ አዲስ ሲነሳ ነው የሚበላው።»

ይህን አባባል ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አሳማኝ ይመስላል፣ ግን ልክ አይደለም። በርሜል ውስጥ ያለ ሙቅ ውሃ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሙቀቱ በግድግዳው በኩል እያለፈ ይወጣል። የሚወጣበትን ፍጥነት የሚወስነው በውሃውና በክፍሉ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። ውሃው 60 ዲግሪ ላይ ሲሆን ብዙ ያፈሳል። 40 ሲደርስ ያንሳል። ከክፍሉ እኩል ሲሆን ያቆማል። ማሞቂያው ሲበራ ካደረ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ 60 ላይ ነው፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ በከፍተኛው ፍጥነት ያጣል፣ ያንኑም ይተካል። ከጠፋ ግን ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያጣው እየቀነሰ ይሄዳል። ጠዋት መተካት ያለበት የጠፋውን ብቻ ነው። ያ ደግሞ ሲበራ አድሮ ከሚያጣው ያነሰ ነው። ማጥፋት መቼም አያከስርም። የሚለያየው የሚተርፈው መጠን ነው። በደንብ የተሸፈነ አዲስ በርሜል ከሆነ በአንድ ሌሊት የሚገኘው ጥቂት ነው። በእጅ ሲነካ የሚሞቅ አሮጌ በርሜል ከሆነ ግን በቀን ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ እንዲሁ ሊበን ይችላል። እንዲህ ያለውን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ማልበስም ያስፈልጋል፤ ከእሱ የሚወጣውንም የሙቅ ውሃ ቧንቧ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል፣ 60 ዲግሪ ላይ ግን ይሞታል። ስለዚህ ለመቆጠብ ብሎ በርሜሉን 40 ላይ ማስተካከል ብልጠት አይደለም። ማሞቂያው ለቀናት ጠፍቶ ከቆየም መጀመሪያ ወደ 60 ይድረስ፣ ከዚያ ገላ ይታጠቡበት።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተው «እሺ» አሉ። ማሞቂያው አሁንም በርቷል።

እሳቸውን መቀየር ካልተቻለ የሻወሩን ራስ መቀየር ይቻላል። ባልዲና ሰዓት ውሰዱ። በአንድ ደቂቃ 12 ሊትር የሚሞላ ከሆነ 7 ወይም 8 ሊትር በሚያወርድ ቢቀየር የሙቅ ውሃው ወጪ በሲሶ ይወርዳል፣ ማንም ሳይለመን፣ ማንም ሳይቆጣ። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እንዲህ ያለ መፍትሔ ነው። በየቀኑ ሰው ማሳሰብ የሚጠይቅ ቁጠባ አይዘልቅም። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም እንደዚያው ነው። በሙቅ ውሃ ስናጥብ አብዛኛውን ኃይል የሚወስደው ውሃውን ማሞቁ ነው፣ ማሽከርከሩ አይደለም። አንዴ 30 ዲግሪ ላይ ማድረግ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ድስት ላይም አንድ የማይታይ ነገር አለ። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 0.09 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ያንኑ ሊትር አፍልቶ ወደ እንፋሎት ለመጨረስ ግን 0.63 ያስፈልጋል። ሰባት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው! አንዴ የፈላ ውሃ እሳት ቢጨመርበት ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ይተንናል እንጂ። እየተንተከተከ ክዳኑን የሚያስጨፍር ድስት የሚያበስለው ከሥሩ ቀስ ብሎ ከሚፈላው አይፈጥንም። ክዳን መክደንና ሲፈላ እሳቱን ዝቅ ማድረግ፣ በቃ። ውሃ ማፍያ ውስጥም ለሁለት ኩባያ ሁለት ኩባያ ውሃ ነው የሚገባው።

ክፍል ማሞቅና ማቀዝቀዝ የግድ የሆነበት ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሳንቲም ነው፣ ብሩ እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ከሻጭ ቃል ራሳችሁን ጠብቁ። «ቆጣቢ» ተብሎ የሚሸጥ ማሞቂያ ብዙ ነው። በሽቦ የሚሠራ 1000 ዋት ማሞቂያ፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ የሚሰጠው 1000 ዋት ሙቀት ነው። ካርቶኑ ላይ ምንም ቢጻፍ ፊዚክስ አይደራደርም። የሚለየው ሙቀት ከማመንጨት ይልቅ ሙቀት የሚያጓጉዘው ነው፤ የፍሪጅ ሥራ በተገላቢጦሽ ማለት ነው። ሐሳቡን ዊሊያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1852 ጽፎታል። ዛሬ የሙቀት ፓምፕ የሚባለው ይህ ዕቃ ከውጭ አየር ሙቀት እየቀዳ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ሲገዛ ውድ ነው፣ ያንን አልክድም።

ከማሞቂያው በፊት ግን ቀዳዳው። ሻማ ለኩሳችሁ ከመጋረጃ አርቃችሁ በመስኮቱና በበሩ ጠርዝ አዙሩት። ነበልባሉ የተጋደመበት ቦታ ላይ ገንዘባችሁ ይወጣል። በጎማና በሲልኮን የሚዘጋ ክፍተት ከቁጠባ ሁሉ ርካሹ ነው። ቀጥሎ ጣሪያው፤ ሙቀት እንዳያመልጥበት ሽፋን ይልበስ። ሽፋን የሚሠራው ውስጡ በያዘው የቆመ አየር ነው፤ የቆመ አየር ሙቀት ማሳለፍ አይወድም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ብዙ ይሠራሉ፣ ከዚያ የሚጨመረው ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን መንገድ እስከ ጥግ የሄዱበትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 በጀርመኗ ዳርምሽታት ከተማ ሰው የገባባቸው ቤቶች በሽፋንና በማሸግ ብቃታቸው የተነሳ ለማሞቂያ የሚፈልጉት በዓመት በካሬ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓትም አይሞላም። ግን ልብ በሉ፣ ከሰል ወይም ጋዝ የሚነድበትን ክፍል መድፈን ለሕይወት አስጊ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል።

ለሞቃታማ ቦታ ደግሞ ጥላ ነው። በጠራ ቀን ፊት ለፊት የሚመታ ፀሐይ በካሬ ሜትር ወደ 1000 ዋት ይደርሳል። ከመስታወቱ ውጭ የተደረገ ጥላ ፀሐዩን ሳይገባ ይመልሰዋል። ከውስጥ ያለ መጋረጃ የሚያገኘው ከገባ በኋላ ነው። ቬንትሌተር 50 ዋት ሲወስድ ኤሲ 1000 ዋት ሊወስድ ይችላል። ቬንትሌተር ግን የሚያቀዘቅዘው ቆዳን ነው፣ ክፍልን አይደለም። ባዶ ክፍል ውስጥ የሚሽከረከር ቬንትሌተር እንዲያውም ክፍሉን በጥቂቱ ያሞቀዋል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ሂሳቡ ያልወረደላቸው ሰዎች አሉ። እነሱን የሚገልጽ ሐሳብ አለ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 አንድ ነገር አስተዋለ። የእንፋሎት ሞተር በትንሽ ከሰል ብዙ መሥራት ሲጀምር የአገሩ የከሰል ፍጆታ አልቀነሰም፣ ጨመረ። ርካሽ የሆነ ነገር ይበዛል። ቤት ውስጥም ትንሽ ትንሽ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲሱ የሻወር ራስ «ውሃ ይቆጥባል» ሲባል ሰምቶ አሁን ሁለት ዘፈን አዳምጦ ነው የሚወጣው። እንዲያም ሆኖ ከድሮው ያነሰ እንደሚያወጣ አስልቻለሁ። ሦስተኛ ዘፈን ከጨመረ ግን እንጣላለን።

አሁን እኛ ቤት የቀረው ጉዳይ አሮጌው ፍሪጅ ነው። በመለኪያ ሶኬት ሳየው በቀን 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በዓመት 584 መሆኑ ነው። የሱን ያህል የሚይዝ ጥሩ አዲስ ፍሪጅ 200 ገደማ ይበቃዋል። ልዩነቱን በምንከፍለው ታሪፍ አባዝቼ፣ የአዲሱን ዋጋ ለእሱ አካፍዬ፣ በስንት ዓመት ራሱን እንደሚመልስ አውቄያለሁ። ታሪፉ በደረጃ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ የሚቀነሱት ኪሎዋት ሰዓቶች ውዶቹ፣ ከላይ ያሉት ስለሆኑ ቶሎ ይመልሳል። ባለቤቴም በመግዛቱ ተስማምታለች። ያልተስማማነው በአሮጌው ነው። እሷ «ገና ይሠራል፣ ለመጠጥ ማቀዝቀዣ ከጓሮ ይቀመጥ» ትላለች። ከተቀመጠና ከተሰካ በዓመት 584 የነበረው 784 ይሆናል። ቁጥሩን ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እሷ ደግሞ ከሥሩ «ለእንግዳስ?» ብላ ጽፋበታለች።